ጉድጓዱን ማን ይዘጋዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን እዚህ ካናዳ፣ ካልገሪ ሆኜ በስልኬ አነባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ዝም ነው። ዛሬ ግን ብዕር አነሳሁ። ምክንያቴ በሱማሌ ክልል፣ ካሉብ ላይ ከመሬት የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እሁድ እሁድ ቡና ላይ ስንገናኝ ሌላ ወሬ የለንም። አንዱ “ተገላገልን! ዶላሩ ሊመጣ ነው” ይላል። ሌላው “ሰዉ ሁሉ ወደ ነፋስና ፀሐይ ሲሄድ እኛ ገና ጋዝ ልንጀምር?” ይላል። ይጯጯሃሉ። በረካው ሲደርስ ይታረቃሉ። እኔን ግን ሁለቱም የማያነሱት አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ጋዙ ያለቀ ቀን ጉድጓዱን ማን ይዘጋዋል? በማን ገንዘብ?

ነገሩን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የነዳጅ ጉድጓድ በእጄ ዘግቻለሁ። እሱን ልነግራችሁ ነው የምጽፈው፤ ግን ከመጀመሪያው ልነሳ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ ስኖር የእኛው ይምታታብኝ ጀምሯል።)

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከናይሮቢ ተነስቼ አልበርታ የገባሁት በ2004 ነው። አልበርታ፣ ካልገሪ ያለችበት ግዛት፣ የካናዳ የነዳጅ ጓዳ ናት። በ1947 ኤድመንተን አጠገብ ሌዱክ በምትባል ቦታ ነዳጅ ከወጣ ወዲህ ኑሮዋ ሁሉ እሱ ሆነ። ድፍድፉ አለ፣ ጋዙ አለ፣ የድንጋይ ከሰሉ አለ። በደቡብ በኩል ደግሞ ባርኔጣ የሚነጥቅ ነፋስ አለ። ካናዳ ውስጥ ለንግድ የቆመው የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ጣቢያ የተተከለው እዚያው፣ ፒንቸር ክሪክ አካባቢ፣ በ1993 ነው። ፀሐዩም አይታማም። እግዜር ለአንድ ቦታ ሁሉንም አድሏል ማለት ነው።

በ2006 መጀመሪያ የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት የ400 ዶላር ቼክ አገኘሁ። በስህተት የመጣ መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ለአንድ ጓደኛዬ ባሳየው ሳቀብኝ። የነዳጅና የጋዝ ዋጋ ንሮ ግዛቱ ገንዘብ ተርፎታል። የወቅቱ መሪ ራልፍ ክላይን ታዲያ ለነዋሪው ሁሉ፣ ለሕፃን ለአዋቂው፣ 400፣ 400 ይታደል አለ። ሰዉም “የራልፍ ብር” አለው። ግማሹን ለእናቴ ላክሁላት። በግማሹ የበረዶ ጫማ ገዛሁ። ምን ዓይነት ቅዱስ አገር ነው የገባሁት አልኩ።

በኋላ ነው የገባኝ። ያ እደላ በጠቅላላው 1.4 ቢሊዮን ዶላር ወስዷል። ከዚያ ሠላሳ ዓመት በፊት፣ በ1976፣ ፒተር ላውሂድ የሚባል መሪ ከነዳጅና ከጋዝ ገቢው 30 ከመቶ እየተነሳ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥበት ፈንድ አቋቁሞ ነበር። ገንዘብ ሲያጥር 30ው 15 ሆነ። በ1987 ጭራሽ ቆመ። ኖርዌይ በሕዝብ ብዛት ከአልበርታ ብዙም አትርቅም። የመጀመሪያውን ገንዘብ ወደ ፈንዷ ያስገባችው በ1996 ነው፤ አልበርታ ከጀመረች ከሃያ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ ኖርዌይ ከ1.5 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አላት። አልበርታ ያላት 30 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አካባቢ ነው። የእኔ ጫማ ሦስት ክረምት አገልግሎኛል።

በ2008 ወደ ሰሜን፣ ወደ ፎርት ማክመሪ ወጣሁ። እዚያ ነዳጁ እንደ ውሃ አይቀዳም። ሬንጅ የተለወሰበት አሸዋ ነው። ይቆፈራል፣ በመኪና ይጫናል፣ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። እኔ የመኪናው ሾፌር ነበርኩ። 400 ቶን ገደማ የሚጭን ገልባጭ፤ ጎማው ብቻ የሁለት ሰው ቁመት ያህላል። ሲኖትራክ ጎኑ ቢቆም የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ጋቢናው ውስጥ የምገባው እንደ ፎቅ ቤት በደረጃ ወጥቼ ነው። ሁለት ሳምንት ሠርቼ አንድ ሳምንት አርፋለሁ። ደሞዙ ጥሩ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ቤት የገዛሁት፣ እህቶቼን ያስተማርኩት በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ነዳጅን ቁጭ ብሎ የሚረግም ሰው ሲያጋጥመኝ ቶሎ አልስማማም።

በ2014 አጋማሽ በርሜሉ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። እኔ መሀል ላይ፣ በ2015፣ ተቀነስኩ። ያን ጊዜ ታክሲ የሚነዳው ግማሹ ከሰሜን የተመለሰ ሾፌር ነበር። ሁላችንም ኤርፖርት ተሰልፈን እንተያያለን። ተሳፋሪው እንደ በርሜሉ ጠፍቷል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልምጣ።

በ2020 ኮሮና ሲገባ ታክሲውም ቆመ። የፌደራል መንግሥቱ ያረጁና ሥራ ያቆሙ ጉድጓዶችን ለማስዘጋት 1.7 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ለአልበርታ ነው። ሥራ ፈት ለሆነው የነዳጅ ሠራተኛም መተዳደሪያ ይሆናል ተባለ። እኔም ለአንድ ትንሽ ተቋራጭ ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያው ጉድጓዳችን የሚገኘው አንድ ሽማግሌ ገበሬ የስንዴ ማሳ መሀል ነበር። የተቆፈረው አባቱ በሕይወት ሳሉ ነው። እዚህ አገር ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ቢሆንም ከመሬቱ በታች ያለው ሀብት በአብዛኛው የመንግሥት ነው። ስለዚህ ኩባንያው ሊቆፍር ሲመጣ ገበሬው አይሆንም ማለት አይችልም። በምትኩ በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል። የሽማግሌው ጉድጓድ ደህና በነበረበት ዘመን አንድ ትልቅ ኩባንያ ይዞት ነበር። ምርቱ ሲቀንስ ለመካከለኛው ሸጠው። መካከለኛው ለትንሹ ሸጠው። ትንሹ ደግሞ ስሙን ቀይሮ ለሌላ ትንሽ። መጨረሻ ላይ የቀረው ደብዳቤ እንኳን የማይመልስ ነበር። ኪራዩ ቆመ። ሽማግሌው ለግዛቱ የመሬት ጉዳይ ጉባኤ አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ ኪራዩን ኩባንያው ሳይሆን መንግሥት ይከፍላቸው ጀመር። ጉድጓዱ ግን ቁጭ ብሏል። ትራክተራቸው በየዓመቱ ይዞረዋል።

አዘጋጋችን እንዲህ ነው። ማሽን ቆሞ ቱቦው ይወጣል። ከታች መቆለፊያ ይገባል። በላዩ ሲሚንቶ ይፈሳል። ጋዝ እንዳያፈተልክ ይፈተሻል፤ ካፈተለከ እንደገና ይጀመራል። የእኛው አፈተለከ። ሁለት ሳምንት ተጨመረ። ከዚያ ብረቱ ከመሬት በታች አንድ ሜትር ያህል ላይ ተቆርጦ ክዳን ይበየድበታል። አፈር ይመለሳል። አፈሩ እንደ ድሮው እስኪሆን ግን ዓመታት ይፈጃል።

ሽማግሌው በየጠዋቱ መኪናቸውን አቁመው ያዩን ነበር። አንድ ቀን በፕላስቲክ ኩባያ ሻይ አመጡልኝና “ማነው የሚከፍልህ?” አሉኝ። “መንግሥት” አልኳቸው። “እንግዲህ እኔና አንተ ነን ማለት ነዋ” አሉ። እውነታቸውን ነው። ኩባንያው የበላበትን ሳህን ያጠብኩት ከራሴ ኪስ እየተከፈለኝ ነው።

ይህ ሕግ በሌለበት አገር የሆነ አይደለም። በ2019 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሬድዋተር በተባለው ጉዳይ ላይ ከባድ ውሳኔ ሰጥቷል። የከሰረ ኩባንያ ባንኩን ከመክፈሉ በፊት ጉድጓዱን የመዝጋት ግዴታውን ይወጣ ብሏል። ጥሩ ፍርድ ነው። ነገር ግን ካዝናው ባዶ ከሆነ ፍርዱ ምን ይዘጋል? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉ የለ።

ከዚያ ሥራ ቀጥሎ ወደ ሶላር ዞርኩ። እዚሁ አልበርታ፣ ቩልካን በሚባል ወረዳ፣ 465 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ተሠራ። 1.3 ሚሊዮን ፓኔል ነው፤ በ2022 መጨረሻ ተጠናቀቀ። እኔ ብሎን አሳሪ ነበርኩ። ሰው ስለ ሶላር ሲያወራ ረቂቅ ነገር ይመስለዋል። ለእኔ ሶላር ማለት ብሎን ነው። ክረምት ላይ ብረቱ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ ያቃጥላል። ቀጣይ ሥራ አለ ተብለን ስንጠብቅ ነሐሴ 2023 ላይ የግዛቱ መንግሥት አዲስ የነፋስና የፀሐይ ፈቃድ ለሰባት ወር አቆመ። የእኛም ሥራ ቀረ። እንግዲህ እዩኝ፤ በነዳጅ ተቀነስኩ፣ በፀሐይም ተቀነስኩ። ለየትኛው ወገን ላጨብጭብ?

እገዳው በየካቲት 2024 መጨረሻ ሲነሳ አዳዲስ ደንቦች መጡ። ምርጥ የእርሻ መሬት ላይ እንደልብ አይተከልም። የሚተክለውም ጣቢያው ሲያረጅ ለሚነቀልበትና መሬቱ ለሚመለስበት አስቀድሞ ማስያዣ ያስይዛል። ብዙ የሶላር ሰዎች በዚህ ተናደዱ። እኔ አልተናደድኩም። ብረቱ አንድ ቀን ያረጃል፤ የሚነቅለው ሰው ደሞዝ ይፈልጋል። የገረመኝ ሌላ ነው። ይህ ጥያቄ ለፀሐይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠየቀ። ነዳጅ ቆፋሪው ግን ከ70 ዓመት በላይ ሲቆፍር የመዝጊያውን ሙሉ ዋጋ ቅድሚያ አስይዝ ያለው የለም። እኔ የዘጋሁት ጉድጓድ ማስያዣ ቢኖረው ኖሮ እኔና ሽማግሌው ባልከፈልን።

ስለ መብራቱም ትንሽ ልበል፤ ቡና ላይ የሚጯጯሁት ጓደኞቼ ይኼን ነው የሚወዱት። ጥር መግቢያ፣ በፈረንጆቹ ጃንዩዋሪ 13 ቀን 2024፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ገደማ ነበር። ባለቤቴ ምድር ቤት እንጀራ እየጋገረች ነው። የቤቱ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ኃይል ሊያልቅ ነው፣ የማያስፈልገውን አጥፉ፣ በምድጃ አታብስሉ፣ የኤሌክትሪክ መኪና አሁን ቻርጅ አታድርጉ ይላል። ባለቤቴ ምጣዱን አየችው። ሊጡን አየችው። “ይኼንንም አጥፊ በሉኛ!” ብላ ነቀለችው። በደቂቃዎች ውስጥ የግዛቱ ፍላጎት በ200 ሜጋ ዋት ያህል ወረደ። መብራቱ ሳይጠፋ አደረ። ከዚያ ውስጥ የእኛ ምጣድ ድርሻ አለበት ብላ እስከ ዛሬ ትኮራለች።

በማግሥቱ ቡና ላይ ግማሹ “ነፋሱ ነው ያዋረደን” አለ። ግማሹ “ጋዙ ነው” አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነፋስ አልነበረም፤ ፀሐይ ጠልቃለች። ሁለት የጋዝ ጣቢያዎችም በብልሽት ቆመው ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ያን ሌሊት ቤታችን ሲሞቅ ያደረው በጋዝ ነው። ልጆቼ በሰላም ተኝተው አድረዋል። ከዚያ ወዲያ “ጋዝ ይጥፋ” የሚል ሰው ሳገኝ ያቺን ሌሊት አስታውሳለሁ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ አልበርታ በድንጋይ ከሰል መብራት ማመንጨት ጨርሳ አቆመች። ከዚያ አሥር ዓመት በፊት ከግማሽ በላይ መብራቷ ከእሱ ነበር። መንግሥት በ2015 እስከ 2030 ይቁም ያለው ከቀኑ ስድስት ዓመት ቀድሞ ቆመ። ቀን ተቆርጦ ለሁሉም ሲነገር ሰው ይዘጋጃል። ድንገት የቆመው የእኛ የብሎን ሥራ ነው የጎዳን።

ካሉብ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል።

እኛ ልጆች ሆነን ድሬዳዋ “ጋዝ” ማለት ላምባ ነበር። እናቴ የምታበስለው በከሰል ነው። ከሰሉ በአህያና በግመል ከሱማሌ በኩል ይመጣል። ያኔ፣ ያ ከሰል ከሚመጣበት ክልል፣ ወደ ቆራሄ፣ ከመሬት በታች ጋዝ እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል፤ በአፄው ዘመን ማብቂያ ላይ የተገኘ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ከመሬት በታች ተኝቶ፣ ከላዩ ሴቶች ግራር እየቆረጡ ከሰል ያከስላሉ። ስለዚህ “ጋዙ እዚያው ይቀበር” አልልም። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ይመረታል ተብሏል። ጎዴ ላይ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የማዳበሪያ ፋብሪካ ታቅዷል፤ እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ በዓመት። ማዳበሪያ ከውጭ ስንገዛ ኖረናል። ከጋዙ ዩሪያ ከወጣማ እሰየው ነው። ለመብራት ደግሞ ግድቡ አለን፤ 5,150 ሜጋ ዋት። የአዳማ፣ የአሸጎዳና የአይሻ ነፋስ አለን። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዙ ሲጎድል ነው። እንደ አልበርታ ጋዝን ለመብራት የግድ የሚያሰኝ ብርድም የለብንም። ጋዙን ለማዳበሪያና ለማብሰያ፣ ውሃውንና ነፋሱን ለመብራት ብንል የምንጣላበት ነገር አይታየኝም። ነፋስ ሲጠፋና ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ትንሽ ጋዝ መጠባበቂያ ይሁን።

የምፈራው ጋዙ በሚወጣበት አካባቢ፣ ሽላቦ ላይ፣ ስላለው አርብቶ አደር ነው። የአልበርታው ሽማግሌ የመሬት ወረቀት አላቸው። ጠበቃ አላቸው። የሚያመለክቱበት ጉባኤ አላቸው። እንግሊዝኛው ቋንቋቸው ነው። ያም ሆኖ ስንት ዓመት ሙሉ ትራክተራቸው ጉድጓድ ሲዞር ኖሯል። ግመል ይዞ በዝናብ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ምን ወረቀት ያወጣል? ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኩባንያው ስሙን ሦስት ጊዜ ቀይሮ ቢሄድ የቱን በር ያንኳኳል? ውሃው ሽታ ቢያመጣ ለማን ይነግራል?

እናም አዘጋጅ ሆይ፣ ጋዜጠኞቻችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ኃላፊዎቹን ሲያገኙ ስንት ሊትር፣ ስንት ዶላር ብቻ አይጠይቁልን። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የመዝጊያ ገንዘብ ተይዟል ወይ በሉልን። በየትኛው ባንክ? በማን ስም? ከመቆፈሩ በፊት ነው ወይስ “ሲያልቅ እንነጋገራለን” ነው? ጉድጓዱ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ሲሸጥ ገንዘቡ አብሮ ይሄዳል ወይ? ለአካባቢው ሰው የሚከፈለው በወረቀት የተጻፈ ነው ወይ፣ በሱማሌኛስ ተጽፏል ወይ? መልሱ ጥሩ ከሆነ አትሙልን፤ ቡና ላይ ይዤው ገብቼ ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኛለሁ። አንድ ሁለት ጉድጓድ ላይ ሲሆን ይኼን ማስተካከል ቀላል ነው። አልበርታ ነቅታ ስትቆጥር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጉድጓድ ነበራት።

ሽማግሌው አሁንም ይደውሉልኛል። በየመከሩ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ስንዴው በቅሏል፤ ከዙሪያው ግን አንድ ክንድ ያህል ያንሳል። የዘንድሮውን ማተም ከፈለጋችሁ እልክላችኋለሁ። የእርሳቸው ፊት እንዳይወጣ ብቻ አደራ፣ አይወዱም።

አክባሪያችሁ
የድሬዳዋው ልጅ፣ ከካልገሪ